ከጣሪያው ሥር ያገኘሁት ቀይ ክር

ውድ ሉጥፊ፣

«ውድ» ያልኩህ እጄ ስለለመደ ነው፤ አትደሰትበት። ገዳሪፍ ሆነህ መልሴን እየጠበቅህ እንደሆነ እናቴ ነግራኛለች። ሽማግሌ ልከህ እሷ እሺ ብላሃለች። የእኔ መልስ ይኸው።

ጦርነቱ ዩኒቨርሲቲያችንን ዘግቶብኝ ወደ ቤታችን ወደ ኒው ሀልፋ ስመለስ፣ የመመረቂያ ጥናቴን ቦዩ ዳር ባለው ሸምበቆ ውስጥ ልጨርስ ብዬ ተነሳሁ። «ሳና ወፍ ልትቆጥር ነው» ብሎ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀብኝ። ያልሳቅከው አንተ ብቻ ነበርክ። ክረምቱን እስከ ጉልበትህ ጭቃ ውስጥ ገብተህ አብረኸኝ ቆምክ። ያቺ ትንሽ ቡናማ ወፍ ጎጆዋን ከሦስት አራት አገዳ ጋር አስራ እንደምትሠራ፣ ለጋውን ትታ ነፋስ የማያጎብጠውን የዓምናውን ሸምበቆ እንደምትመርጥ አሳየሁህ። ትል በአፏ ይዛ ከገባች ጫጩት አላት ማለት ነው አልኩህ። አንድ ጠዋት በአንድ ሰዓት ውስጥ አስራ ዘጠኝ ጊዜ ስትመላለስ ቆጥረህ፣ «ወላሂ ሳና፣ ይቺስ ከእናቴም በላይ ትለፋለች» አልከኝ። ያን ቀን ወደድኩህ። አልነገርኩህም እንጂ።

በየጎጆው አጠገብ ቀይ ክር ያሰርነው እኔና አንተ ነን። ሸምበቆ ቆራጮች ክሩን አይተው እንዲያልፉት ነበር። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በአስራ ሁለት ቀናቸው ከጎጆው በርረው ይወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ የፈለገ ይቁረጥ ተባባልን። ቃል ገባህልኝ።

ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በስድስተኛው ቀን እናቴን ለማሳከም ወደ ከሰላ ከተማ ወሰድኳት። ሁለት ቀን ቆይተን ስንመለስ፣ ሲያፈስ የከረመው ቤታችን አዲስ የሸምበቆ ጣሪያ ለብሷል። እናቴ እልል አለች። ጎረቤታችን ሸጊቱ፣ «ሉጥፊ ነው እኮ! ሦስት ሰው ይዞ መጥቶ ባንድ ቀን ጨረሰው። አማች ማለት እንዲህ ነው» አለችኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ደስ አለኝ። ገብቼ ቀና እስክል ድረስ። ከማገሩ ላይ ቀይ ክር ተንጠልጥሏል።

ወደ ቦዩ ሮጥኩ። ሸምበቆው ሁሉ አልተቆረጠም፤ የተቆረጠው ክር ያለበት ብቻ ነው። ወፍ የምትመርጠው ጠንካራ አገዳ ለጣሪያም ይሆናል፤ የት የት እንዳለ ደግሞ እኔው በእጄ ምልክት አድርጌልሃለሁ። አንዷ ወፍ ትል ይዛ ጎጆዋ ከነበረበት ቦታ በላይ ትዞራለች። ትሉን ሳትውጠው ብዙ ቆየች።

ስደውልልህ፣ «አንቺ ሳና፣ ዝናቡ እናትሽን ሊገድላት ነበር! ወፍ እንደሆነች ሌላ ትሠራለች፣ ኻላስ፣ አበቃ» አልከኝ። ትሠራ ይሆናል። ግን አራት ቀን ነበር የቀረው፣ ሉጥፊ። ክር የሌለበት ሸምበቆ ስንት ነበር? መምረጡ ጊዜ ቢፈጅብህ፣ ብትነግረኝ እኔው አብሬህ እመርጥ ነበር። ሌላ ሰው ቢያደርገው ተሳድቤ እተወው ነበር። አንተ ግን ለጫጩቶቹ ስም ሳይቀር ያወጣህላቸው ሰው ነህ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ዶፍ ጣለ። ጣሪያው አንዲት ጠብታ አላሳለፈም። እናቴ መረቀችህ፤ እኔም አሜን አልኩ። ለደረቅ አልጋዋ አመሰግንሃለሁ፣ ይህን ከልቤ ነው የምልህ። ሽማግሌዎችህን ግን መልሰህ አትላካቸው፤ አላገባህም።

ክሩን ልፈታው ወንበር ላይ ወጥቼ ነበር፤ ተውኩት። እናቴ ለምን እምቢ እንዳልኩ በጠየቀችኝ ቁጥር ቀና ብዬ አሳያታለሁ።

ክሩን ያሰረችው፣
ሳና