በባትሪ በቅሎ ወደ መቃብርሽ

ለጥሩዬ፣ ከሐይቁ ማዶ ለተኛሽው፤

ደብዳቤ ሲጀመር መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል ብሎ መምህራችን አስተምሮናል። አንቺን ምን ብዬ ልጠይቅሽ? ይልቅ የኔን ልንገርሽ። ከተለያየን የፎገራ ሜዳ ሁለት ጊዜ በውሃ ተሞልቶ ሁለት ጊዜ ደረቀ። ሩዙም ሁለት ጊዜ ታጨደ። እኔ ደኅና ነኝ ልልሽ ነበር፤ ግን ውሸት ሲናገሩት ቀላል ነው፣ ሲጽፉት እጅ ይይዛል።

አዎ፣ ይህ የራሴ የእጅ ጽሕፈት ነው። ተገረሚ፣ መገረም ይገባሻል። ወረታ ላይ በማታው ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ አንዲት እማሆይ ናቸው። ዓይናቸው ባይደክም ኖሮ ይበልጡኝ ነበር የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ቅናት ነው። «ሀ»ን ስጽፍ መምህሩ ራሱ ቆሞ ያየኛል። አንዳንዴም ይስቃል፣ በደስታ ይመስለኛል።

ቤታችን እንደ ተውሽው ነው፣ ከበሩ በቀር። ደፉን አፈረስኩት። እኔን አዝለሽ ስትገቢ ሁልጊዜ እግርሽን የሚመታሽን፣ «አንድ ቀን አፈርስሃለሁ» እያልሽ የምትራገሚውን ያን ደፍ ማለቴ ነው። ያፈረስኩት ግን ላንቺ አይደለም፤ ለበቅሎዬ ማለፊያ ነው። በቅሎ ያልኩሽ ያን ባለ ባትሪ ተሽከርካሪ ነው። አንቺ ጫማሽ እስኪያልቅ የተመላለስሽበት፣ «በሚቀጥለው ሳምንት ነይ» ሲሉሽ የኖሩበት ቢሮ በመጨረሻ ሰጠኝ። የሰጠኝ የተዝካርሽ ድንኳን ከፈረሰ በኋላ ነው። ሲያስረክቡኝ ፎቶ ሊያነሡኝ ፈልገው «ፈገግ ይበሉ አባታችን» አሉኝ። እኔን ሳቅ ያቃተኝ ቀን ቢኖር ያ ነው።

ክፉ እንዳልናገርባት ግን በቅሎዬ ጎበዝ ናት። ወንበር አላት፣ አራት ጎማ አላት፣ መሪዋ እንደ ሞተር ሳይክል ነው። ስትሄድ እንደ ንብ ታጉረመርማለች። የባጃጅ ሾፌሮቹ ሲያዩኝ «መናኸሪያ! በአንድ ሰው የሞላ!» እያሉ ይጣሩብኛል። እኔም «ቤንዚን ሲጠፋ በገመድ ጎትተን ትሉኛላችሁ» እላቸዋለሁ። ቤንዚን ሲጠፋ በሰልፋቸው ጎን ቀስ ብዬ አልፋለሁ፣ ጥሩምባዬን እየነፋሁ።

አንቺ ግን አላየሽም። ከሩዝ ጭነት ላይ ወድቄ ወገቤ ከተሰበረ ጀምሮ እግሬ አንቺ ነበርሽ። ሌላዋ ሴት ልጇን ታዝላለች፣ አንቺ ባል አዘልሽ። ወንዛዬ ፍል ውሃው የወረድንበት ቀን ትዝ ይልሻል? ጀርባሽ ላይ ሆኜ ላገኘሁት ሁሉ እንደ ጳጳስ እጄን እያነሣሁ ሰላምታ ስሰጥ፣ አንዲት ባልቴት «ይኼን የሚያህል የማን ልጅ ነው?» አሉ። አንቺም «የእናቱ ነው፣ ጡት ማስጣል አቅቷት ለኔ ሰጠችኝ» ብለሽ መለስሽላቸው። ከዚያ ራስሽ በተናገርሽው ስትስቂ ሚዛንሽን ሳትሽና ሁለታችንም ድንጋዩ ላይ ተዘረጋን። ክርኔ ተላጠ። እንዲያ የሚያስቅ ቁስል ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

አሁን የመረረኝን ልጻፍ።

«ከእናቴ ጎን ቅበሩኝ» ብለሽ ተናዝዘሽ ነበርና ወንድምሽ አለባቸው ከማዶ ጀልባ ይዞ መጣ። ወደ ሐይቁ ዳር የሚያወርደው መንገድ ጭቃ ነበር። እኔን በጋሪ አምጥተው ደረቅ ሣር ላይ አስቀመጡኝ። አንቺን በቃሬዛ ተሸክመው ጭቃውን አቋረጡና ጀልባው ላይ አሳረፉሽ። «እኔስ?» አልኩ። አለባቸው ዞር ብሎ፣ በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት፣ «ሬሳ እንሸከም ወይስ አንተን?» አለኝ።

ጀልባው ሄደ። ትንሽ እስክትሆኚ፣ ከዚያም እስክትጠፊ አየሁሽ። ሚስቴን ሣር ላይ ቁጭ ብዬ ሸኘሁ። አንድ እፍኝ አፈር እንኳ አላለበስኩሽም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው። ማንም ሳይሸከመኝ መቃብርሽ ድረስ መሄድና መስቀልሽ ላይ የተጻፈውን ስምሽን በገዛ ዓይኔ ማንበብ። በዚህ ዕድሜዬ ፊደል የቆጠርኩት ለሌላ አይደለም። ለሰው ግን ከንቲባ ልሆን ነው እላለሁ።

ትንሿ ጀልባ በቅሎዬን አትችልም። ስለዚህ ባሕር ዳር ወርጄ በየወደቡ በሚቆመው መርከብ ለመሄድ ወሰንኩ፤ ለአለባቸውም በስልክ ነገርኩት። ባሕር ዳር ላይ የወደቡ ሲሚንቶ ከመርከቡ እኩል ነው። ሰተት ብዬ ገባሁ፤ መንገደኛው ሁሉ ጓዙን እየሰበሰበ መንገድ ለቀቀልኝ። ዘጌ ስንደርስ አንዱ የመርከብ ሠራተኛ «አባቴ፣ እንሸከምዎት?» አለኝ። «አንተን ከነመርከብህ እኔ እሸከምሃለሁ፤ ሁለት ሳንቃ አቀራርበህ ዘርጋልኝ» አልኩት። ዘረጋልኝ። ወረድኩ! ጥሩዬ፣ ወረድኩ! ሳንቃው እያቃሰተ፣ እኔ እየተንቀጠቀጥኩ፣ ሎሚ ሻጮቹ እያጨበጨቡ። ዳሩን አንድ ጊዜ ዞሬ ምንም ሳልገዛ ተመለስኩ። መውረዴ በቃኝ።

ደቅ ደሴት ላይ ያለው ደረጃ ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ። ለዚያ በቅሎዬም እኔም መላ የለንም። ሰው ሁሉ ወርዶ ሲሳለም እኔ መርከቡ ላይ ቀረሁና ከታሰረ በግ ጋር ተፋጠጥን። በጉ ቀድሞ ዓይኑን መለሰ። እሱን እንኳ ለማን ልንገር?

አገርሽ ስንደርስ ውሃው ሸሽቶ ነበር። መርከቡ ራቅ ብሎ ቆመ። የተዘረጋችው ሳንቃ አንዲት፣ እሷም እግር ከእግር ፊት እየተደረገ የሚኬድባት ቀጭን። ሁለተኛ ብል የለም። ቀና ስል አለባቸው ሦስት ሰው አስከትሎ፣ ቃሬዛ ይዞ ይመጣል። ያንኑ ቃሬዛ። «አሁን ትከሻህ ተረፈ?» አልኩት። ቃሬዛውን ከፊቴ ዘረጋው። መርከቡ ጥሩምባውን ነፋ። ወይ መተኛት ነው፣ ወይ መመለስ። ተኛሁ። እፍረቴን ሰው እንዳያይብኝ ጋቢዬን እስከ ራሴ ድረስ ተከናነብኩ።

ስህተቴ እሱ ነበር። በዚያ ወደብ ከመርከብ በቃሬዛ፣ ፊቱ ተሸፍኖ የሚወርድ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። እንስራ ይዘው የወረዱት ሴቶች አዩንና እሪታውን አቀለጡት። «ወየው! የማን አንጀት ይሆን!» እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ። አንዷማ «ወንድሜ ወንድሜ» ብላ ልትወድቅብኝ ደረሰች። ጋቢዬን ገለጥ አድርጌ «እናቶቼ፣ ቆጥቡት፤ ቀኔ ሲደርስ ትጨርሱታላችሁ» አልኳቸው። እንስራ ሲሰበር ሰማሁ። ጩኸቱ ሳቅ ሆነ። አንዲት አሮጊት ቀረብ ብለው «እሰይ፣ በቁምህ ተለቅሶልሃልና ዕድሜህ ይረዝማል» ብለው መረቁኝ። ሁሉም አሜን አለ። እኔ ግን አሜን ከአፌ አልወጣም። የረዘመውን ምን ላድርገው? ያ ሁሉ ልቅሶ ያንቺ ነበር። አንቺ በዚያው ዳር ከጀልባ ስትወርጂ ሲያለቅሱልሽ እኔ አልነበርኩም። እዚያው ቃሬዛው ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሳቀ፣ አለቀስኩ። የቀልዱ ቀሪ መስሏቸው የበለጠ ሳቁ።

በቅሎዬን አውርደው ሲሰጡኝ ሽቅቡን ወጣሁ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር አደረሰችኝ። እዚያ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ ደፍ አለ፤ ይህን ማፍረስ አይቻል። ወረድኩ፣ ተሳለምኩት፣ በሆዴ ተሻገርኩት። አለባቸው እጁን ሲዘረጋ «ተወኝ» አልኩት። ከዚያ በክርኔ ተጎተትኩ። በዚያ ወንዛዬ ላይ በተላጠው ክርን።

መቃብርሽ ላይ የእንጨት መስቀል አለ። ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። ፊቱን አየሁ፣ ጎኑን አየሁ። ምንም የለበትም።

«ስሟስ?» አልኩ።

«ማን ያነበዋል ብለን ነው፣ ሞላ» አለ አለባቸው። በክፋት አላለውም። የመረረኝ እሱ ነው፤ በክፋት ቢሆን መልስ አይጠፋኝም ነበር።

እስክሪብቶዬን ከኪሴ አወጣሁ። እንጨቱ ሻካራ ነው፤ ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ እንደ ጀማሪ ጻፍኩ። ጥሩወርቅ። ወንድምሽ ጎንበስ ብሎ «እሷ ይቺ ናት?» አለና ጣቱን በፊደሉ ላይ አስኬደው። ይቅር ብየዋለሁ ብዬ አልዋሽሽም። መርከቡ ሲመለስ ግን «ሁለተኛ ሳንቃ ከየትም አምጣ» አልኩት፤ የገዛ አጥሩን በር ነቅሎ መጣ። ከአገርሽ የወጣሁት በጎማዬ ነው።

ጥሩዬ፣ የእስክሪብቶ ቀለም ነው፣ ክረምቱ ያጥበዋል። ይጠበው። ውሃው ከሜዳው በሸሸ ቁጥር እመጣና እንደገና እጽፈዋለሁ። በቅሎዬ ብታረጅ ክርኔ አለ። ስምሽን ማን ያነበዋል ላሉት ሁሉ፣ የሚያነበው እኔ ነኝ።

አዝለሽው የኖርሽው፣
ሞላ