ላብ ያጣው ዚር

ሰኞ

እባካችሁ እዚሁ በመካከላችን ይቅር፤ ዛሬ የሰው ጋን አሟሸሁ።

ወደዚህ ሱዳን፣ የገዳሪፍ ዳር ሰፈር ከገባን ሳምንት አልሞላንም። ቤቱን ሳየው አሁንም አፌን ይዤ እቀራለሁ። ግቢው ሰፊ፣ አጥሩ ከሰው ቁመት በላይ፣ ሲመሽ አልጋ አውጥተው የሚተኙበት ደጅ! ዳቦ ቤቱ ጥግ ላይ ነው፤ ውሃ በአህያ ጋሪ እስከ በር ይመጣል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ከበራችን ውጭ፣ ኒም ከሚሉት ዛፍ ሥር የቆመው ትልቅ የውሃ ጋን ነው። ዚር ይሉታል። ኩባያ ታስሮበታል፤ አላፊ አግዳሚው ጠጥቶ፣ መርቆ ይሄዳል። የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ታዲያ ዙሪያውን ያንጠባጥባል። እኛ ጎንደር የሚያንጠባጥብ ሸክላ ያልተሟሸ ነው፤ አዘንኩለት። ባሌ ከማል ወደ ሱቁ ሲሄድ ውሃውን ደፋሁ፤ ጋኑን ወደ ግቢ አንከባልዬ አደረቅሁት፤ ውስጡን በሰሊጥ ዘይት አሽቼ በእሳት አሟሸሁት። መልሼ ሞላሁት። ጠብ አላለም። ኮራሁ!

ማክሰኞ

ቀትር ላይ ደጅ ጩኸት ሰማሁ። አንድ ባለራክሻ፣ እኛ ባለባጃጅ የምንለው፣ ኩባያውን እንደያዘ ይተፋል።

«ሐጃ ዛሬ ሾርባ ነው እንዴ የሚያድሉት?»

ሮጬ ቀመስኩት። ትኩስ ነው፤ ዘይቱ ላዩ ላይ ያብለጨልጫል።

ከማል ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ ፊቱ ጠቆረ። «አንቺ ሴት! ዚር የሚቀዘቅዘው በላቡ ነው እኮ። ላቡን ደፈንሽበት! ደግሞ የሐጃ ዘይነብ ነው፤ ለባላቸው ነፍስ ያቆሙት።»

ሐጃ አከራያችን ናቸው። ልጃቸውን ሊጠይቁ ወደ ከሰላ ከተማ ሄደዋል፤ ሐሙስ ይመለሳሉ። ቤቱን ደግሞ ገና በአፍ ነው የተስማማነው።

ግን እዩልኝ ጉድ! በዚህ ንዳድ፣ ያለ መብራት፣ ጭቃ በላቡ ውሃ ያበርዳል!

ረቡዕ

በአመድ ፈተግሁት፤ በፈላ ውሃ አጠብሁት። ወይ ፍንክች! ሸክላ የጠጣውን ዘይት አይተፋም።

ከሰዓት በመተማ በኩል የመጡ ሁለት ያገሬ ልጆች ከዚሩ ፊት ቆሙ፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ከቤት ቀድቼ አጠጣኋቸው።

«እትዬ፣ ኒም ያለበት በር ስትደርሱ ቀዝቃዛ ውሃ አለ ብለውን ነበር» አለኝ አንዱ።

እኔ የደፈንሁት ጋን፣ ለካ ስሙ በመንገድ ሁሉ ይጠራል!

ሐሙስ

ሐጃ ከራክሻ ሳይወርዱ ደረስሁባቸው፤ በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛዬ ሁሉንም ዘረገፍሁት። ጣታቸውን ዚሩ ውስጥ ነክረው አሸተቱ።

«ሰሊጡ ጥሩ ነው» አሉ። «ባሌም በሕይወት ሳለ ሾርባ ይወድ ነበር።» ሳቃቸው ግቢውን ሞላው።

«ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ይኼን አስገቢና እህል ያዢበት። አዲሱን አንቺ ታቆሚያለሽ፤ በየጧቱም አንቺ ትሞያለሽ፤ በሱ ስም።»

«ቤቱስ ሐጃ?»

«ዚር የሚሞላ ሰው ቤት ይለቃል እንዴ?»

ዓርብ

አዲሱ ዚር ኒሙ ሥር ቆሟል። የመጀመሪያውን ውሃ ራሱ ሸክላው ጠጣው፤ ደግሜ ሞላሁት። ዘይቱን ከማል ቆልፎበታል።

አሁን ሲመሻሽ የዚሩን ሆድ ዳበስሁት። ረጠብ ያለ መሰለኝ፤ የሱ ላብ ይሁን የኔ መዳፍ አልለየሁም። ነገ ጧት ያ ባለራክሻ አንድ ጉንጭ ሲጠጣ ፊቱን አይቼ እነግራችኋለሁ።