ለአባቴ በገና ስላልተገኘው ፈቃድ

ለተከበሩ የድምፅ ቅርስ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ ይጽና፣ ወንበርዎም እንደ ጉና ተራራ አይነቃነቅ እያልኩ፣ እኔ የበገና ደርዳሪው የይርጋ ልጅ ዓይናለም በአደባባይ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ሥራ በዝቶብዎ ረስተውን እንደሆነ ላስታውስዎ። አባቴ ጉና ሥር ገብስና ድንች እያረሱ፣ በጾም ወራት በገና ሲደረድሩ ኖረዋል። ቁርጥማት ጣቶቻቸውን ሲያስራቸው፣ ጆሯቸውም መክበድ ሲጀምር፣ እኔ ኩዌት በሰው ቤት ሳገለግል በእረፍቴ ሰዓት የተማርኩትን የኮምፒውተር ኮድ አጻጻፍ ይዤ ተመለስኩ። እያንዳንዱን አውታር በእጃቸው እያስመታሁ ቀዳሁና ፕለጊን ሠራሁ፤ በሙዚቃ ማቀነባበሪያ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ፣ የሙዚቃ ኪቦርድ የነካ ሁሉ የአባቴን በገና እንዲያሰማ የሚያደርግ ትንሽ ፕሮግራም ነው። እርስዎም ለማዕከሉ ምረቃ አምጪው አሉኝ። አባቴ «ቤት አታሰሚኝ፤ ያን ዕለት ከሰው ጋር ልስማው» ስላሉ ጠበቅን።

የማመሰግንዎ ብዙ ነውና በተራ ላስቀምጠው።

፩. ስለ ጽዳታችሁ አመሰግናለሁ። ፕለጊኑ ሲነሳ የሚጠራው፣ ራንታይም የሚባል ረዳት ፋይል አለ፤ እሱ ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ፕለጊኑ አይከፈትም። በእኔ ላፕቶፕ ላይ ፕለጊኑን ከሠራሁበት ፕሮግራም ጋር አብሮ ገብቷል፤ ለእናንተ ግን «መጀመሪያ ይህን ጫኑ» ብዬ ጽፌበት አብሬ ሰጠሁ። ባለሙያችሁ ሀብታሙ «ትርፍ ፋይል ነው» ብሎ አጠፋው።

፪. ስለ ሕግ አክባሪነትዎ አመሰግናለሁ። በምረቃው ዕለት አዳራሹ ሞልቶ፣ አባቴ አዲስ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ተቀምጠው ሳለ፣ ስክሪኑ «ፕለጊኑ ሊከፈት አልቻለም» አለ። ምክንያቱ ወዲያው ገብቶኝ፣ ረዳት ፋይሉን ከፍላሼ ልጫነው ብዬ ለመንኩ። የመጫኛውን የይለፍ ቃል የያዘው ሠራተኛ ባሕር ዳር ስልጠና ላይ ነበር። እንግዲያው በራሴ ላፕቶፕ ይሁን ብል፣ «የማዕከሉ ንብረት ያልሆነ ዕቃ መድረክ ላይ አይወጣም» አሉኝ።

፫. መርሐ ግብሩ እንዳይጓደል ብለው፣ ኪቦርዱ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የባዕድ አገር አውታር አስመቱና «የአባታችን የይርጋ በገና ይህ ነው» ብለው አስጨበጨቡ። ከአውታሩ ሥር ካለው ቆዳ የሚወጣው ያ ጥልቅ ንዝረት የሌለው፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚል ድምፅ ነበር። አባቴ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «ዓይኔ፣ እጄ እንዲህ ነበር እንዴ?» አሉኝ። አይደለም አልኳቸው። ጭብጨባው በዝቶ አልሰሙኝም።

በነጋታው በገናቸውን ለደብሩ ሰጡ። እውነተኛውን በላፕቶፔ ላሰማዎት ስላቸው፣ «ተይው ልጄ፤ ሰምቼዋለሁ» አሉ። ምንም ባስረዳቸው ልጅ ሆና ልታጽናናኝ ነው ብለው አላመኑኝም። የሚያምኑት ከዚያው መድረክ ቢነገር ብቻ ነበርና እርስዎን ደጅ ጠናሁ።

፬. ስለ ትዕግሥትዎም አመሰግናለሁ። ክረምቱ ገብቶ ወጥቶ ረዳት ፋይሉ ተጫነ፤ የተጫነው ግን ፕለጊኑ የማይቀበለው፣ ለአሮጌ ኮምፒውተር የተሠራው ባለ ሠላሳ ሁለት ቢት ነበር። ትክክለኛው ሲጫንም፣ የሙዚቃ ማቀነባበሪያው ፕሮግራም ፕለጊኑን መጀመሪያ እንደከሸፈ መዝግቦት ኖሮ ዳግመኛ ሊያየው አልፈለገም። እንደገና ፈትሽ ብሎ አንድ ቁልፍ የሚጫን ሰው ጠፋ።

በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ረዳት ፋይሉን ፕለጊኑ ውስጥ አካተትኩት። አንበሳሜ ያለች ጓደኛዬ ብርቱካን ሞከረችው፤ ምንም ሳትጭን ተከፈተላት፣ ደውላም አለቀሰች። እኔም ላፕቶፑን ይዤ አባቴ ፊት ተቀመጥኩ። በዚያ ክረምት ጆሯቸው ጨርሶ ተዘግቶ ነበር። ይስሙልኝ ብዬ በእጄ ምልክት አሳየኋቸው። ፊቴን ትክ ብለው አዩት፤ ከዚያም ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «አሁን ልክ ነው። የኔ ነው» አሉኝ።

ድምፅ ማጉያውን ገና አልከፈትኩትም ነበር።

ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣ በመመሪያዎ ፊት ዝቅ ብላ የቆመች፣ ውለታዎንም እስከ ዕለተ ሞቷ የማትረሳ፣

ዓይናለም ይርጋ
ከጉና ሥር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያ የፋብሪካ ድምፅ በማዕከሉ የፌስቡክ ገጽ ላይ እስከ ዛሬ በአባቴ ስም ይደመጣል። እባክዎ ያንሱልን። እሱን ለማንሳት ረዳት ፋይል አያስፈልግም።