ተረከዙ ላይ ያለው ምልክት

ቱም፣ የወንድሜ የኮርን አስከሬን ከመቃጠሉ በፊት፣ ዳግም ሲወለድ እንድናውቀው ብዬ ግራ ተረከዙን ጥላሸት የቀባሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ቡሪራም ውስጥ፣ በዚህ ፖስትካርድ ላይ በምታየው የድንጋይ ቤተ መቅደስ ደጃፍ፣ አንዲት አበባ ሻጭ ያቀፈችው ሕፃን ግራ ተረከዝ ላይ አውራ ጣቴን የሚያክል ጥቁር ምልክት አየሁ! እንደ ባንኮክ የመኪና ጩኸት ስለሌለ፣ ልቤ ሲመታ ሰው ሁሉ የሰማኝ መሰለኝ።

«ምነው አንተ ልጅ፣ መንፈስ አየህ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ነገርኳት። ሳቋ ጠፋና ልጇን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«በድሮ ስሙ እንዳትጠራብኝ! ይታመምብኛል።»

አልጠራሁትም። ተረከዙን ብቻ ነካሁት። ይሞቃል፣ ቱም!

እናትህን ሳምልኝ። እናቴን ካገኘሃት ግን ምንም እንዳትነግራት፤ ዛሬውኑ ተሳፍራ መጥታ በድሮ ስሙ ትጠራዋለች።

ሪት