ሥዕል ሆኖ የቀረው ፊርማዬ

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ያልጻፍኩትን አስፈረሙኝ። በገዛ ፊርማዬ። ያደረገው ዮፍታሔ ነው፣ የእድራችን ሊቀ መንበር።

ከቅዳሴ መልስ እንደ ወትሮው ስብሰባ ነበር። አዲስ የታተመ መተዳደሪያ ደንብ አደሉን። የመጀመሪያውን ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በጽሕፈት መኪና፣ በሁለት ጣት፣ ማንም ሳያስተምረኝ። ወረቀቱ ስላረጀ በስልክ ፎቶ አንስተው ኮምፒውተር ቤት ወሰዱት።

«ጋሽ ጉልላት፣ ፎቶውን ወደ ወርድ ለወጥነው እኮ! አሁን እንደ ልብ ይስተካከላል» አለኝ ዮፍታሔ።

እንደ ልብ... የማን ልብ?

ቤቴ ገብቼ አነበብኩት። «በሰፈሩ ተከራይቶ የሚኖር ሰው አባል ባይሆንም ሲሞት እድሩ ይቀብረዋል» የሚለው የለም። ክፍተት እንኳ አልተዉለትም፤ የታችኛውን አንቀጽ ወደ ላይ ስበው ደፈኑት። ከሥሩ ፊርማዬ። ኮምፒውተሩ ፊደሉን ሁሉ ሲለውጥ ፊርማዬን ማንበብ አቅቶት እንደ ሥዕል ተወው አሉ። ከዮፍታሔ ማሽኑ ይሻላል። ያላወቀውን አልነካም።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ዮፍታሔ ቤት ሄድኩ። ተቀመጡ አለኝ። አልተቀመጥኩም።

«ማን ፈቀደልህ?»

«ኮሚቴው ነው ጋሼ። ተከራይ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። እርስዎን አክብረን ፊርማዎን አቆይተናል።»

«ፊርማዬን አንሳ።»

«እ... ማለቴ... የመሥራች ፊርማ ከሌለው እኮ ደንቡ ክብደት ያጣል።»

ሁለት ዲግሪ አለው ይላሉ። ሁለቱ ተደምረው አንድ ሰው አልወጣቸውም።

ባለቤቴ ሙሉ ይህን ሰማች። «አንተ ሰውዬ፣ አንዳንዴ እንኳ ተሸነፍ። ትንሽ ታርፋለህ።»

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ቶለሳ ሞተ። ዊንጌት ጎሚስታ ቤት ጎማ የሚጠግነው። ጳውሎስ ሆስፒታል ተኝቶ ሰንብቶ ነበር። ጎረቤታችን ቡርቱካን ግቢ የኋላዋን ክፍል ተከራይቶ ነው የኖረው፤ ልጆቹ የተወለዱት እዚያው ነው።

ሚስቱ ሊሚ ዮፍታሔን ድንኳን ለመነችው። ደንቡን አሳያት። የኔን ፊርማ!

እኔ ዘንድ መጣች። «አባባ፣ እርስዎ ነዎት የፈረሙት አለኝ... እውነት ነው?»

ምን ይባላል? «ሂጂ፣ ነገ በወግ ይቀበራል» አልኳት። እንዴት እንደሆነ ግን አላውቅም።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ጎህ ሳይቀድ ስብሐት ቤት ሄድኩ፣ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ።

«ሊቀ መንበሩ ሳያዝማ አልነፋም ጋሼ። እንጀራዬ ነው።»

«አንተ አትንፋ። ስጠኝ።»

ነፋሁ። መጀመሪያ የወጣው የታመመ በሬ ድምፅ ነው። ስብሐት ሳቁን ዋጠ። ቀጥሎ ግን ተሳካ። «ቶለሳ አርፏል! ቀብር ስድስት ሰዓት!» እያልኩ እስከ አስፋልቱ ወረድኩ።

ጥሩምባ የሰማ ይወጣል። አባል ነው ተከራይ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። ሰፈሩ የእድሩ ዕቃ ቤት በር ላይ ተሰበሰበ። ቁልፉ ዮፍታሔ ጋ ነው። እሱም ጥሩምባውን ሰምቶ እየሮጠ መጣ።

«ማን ሞቶ ነው?» አለ።

«ደንብህ ነው የሞተው! ክፈት!» አለችው ቡርቱካን። ሰው ሳቀ፣ በዚያ ሐዘን።

ከፈተ። ድንኳኑንም በአንድ ወገን ያዘ። ምን ያድርግ? ሰው እያየው ነው። ሰው ባያየው ኖሮስ? አውቀዋለሁ።

ቶለሳ በወግ ተቀበረ።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ጉባኤው አንቀጹን መለሰ። ዮፍታሔ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ አዲሱን ደንብ ይዞ ቤቴ መጣ።

«እርስዎ እንደ አባቴ ነዎት። ይቅር ይበሉኝና ይፈርሙልን።»

አልፈረምኩም። ከእድሩም ወጥቻለሁ አልኩ። ቆርጠው የትም የሚለጥፉትን ፊርማ ሁለተኛ አልሰጣቸውም።

«ታዲያ እርስዎን ማን ይቀብርዎታል?» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

«የምኖረው የቀበሌ ቤት ነው። ተከራይ ነኝ። ደንቡን አንብቡት።»

በሩን ከፈትኩላቸው።

ሙሉ «ልጁ እንባው መጥቶ ነበር እኮ... ምን አለበት አንድ ቃል ብትለው?» አለችኝ። ምሳ አቅርቢ አልኳት። ይህን ነገር ከእንግዲህ አላነሳም። ለእሱም፣ ለእሷም፣ እዚህም።