ሰው ሳይሞት የተተከለ ድንኳን

ውድ ባለቤቴ፣ የአልማዝ አባት፣ የኔ በቀለ፤

ከተለየኸኝ ዘጠኝ ቀን ሲጎድለው አንድ ዓመት ሆነ። ይህን የምጽፍልህ በረንዳችን ላይ፣ ከሥራ ስትመለስ ጫማህን የምታወልቅባት ዱካ ላይ ተቀምጬ ነው። የሰፈራችንን የከዚራን የግንቦት ሙቀት ታውቀዋለህ፤ ወረቀቱ ከእጄ ላብ ጋር እየተጣበቀ ያስቸግረኛል። ጽሕፈቴም ያው ነው፣ ዶሮ የጫረው ይመስላል እያልክ የምትስቅበት። አልማዝን እየነገርኳት ላስጽፋት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በልጅ እጅ የሚጻፍ ነገር አልሆነም።

ለሙት ዓመትህ ግን እሷው ቆማ ለእድርተኛው ሁሉ ታነበዋለች። አንተን ያዋረድኩህ በሰው ፊት ነውና እኔም በሰው ፊት ልዋረድ።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርህ፤ ወሬ ሳላስቀድም ቁም ነገር መናገር እንደማልችል ታውቃለህ። አልማዝ ማስተማሯን ቀጥላለች። ሽማግሌ የላከባት ሰው አለ፣ ዝምተኛ ነው፣ ወድጄዋለሁ። ባለፈው ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ የጎረቤታችንን የሐጂ ዩሱፍን አጥር ይዞት ሄደ፤ ሰው ግን አልጎዳም። የተከልካት የኒም ዛፍ አሁን ጥላዋ እስከ ማድ ቤቱ ይደርሳል። ከጥገና ቤቱ ጓደኞችህ አንዱ መጥቶ እንዳጫወተኝ የእንፋሎት ባቡሮቹ እየቀሩ በናፍጣ የሚሄዱት ስለበዙ ያ የብረት ቅጥቀጣ እንደ ድሮው አይደለም። አሁንማ ጆሮ ያለው ሰውም ይሠራበታል አለኝ። አብሬው ሳቅሁና ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባቡር ከተቀጠርክበት ቀን ጀምሮ የባቡሩ ውሃ የሚፈላበት የብረት ጋን ሲበርድ ውስጡ እየገባህ ብረት ስትደበድብ ኖርክ። ቤት ስትገባም መዶሻው ጆሮህ ውስጥ አያቆምም ነበር። እኔ ደግሞ ገና ከበሩ ጀምሬ የገበያውን፣ የጎረቤቱን፣ የውሃ ወረፋውን እዘረግፍልሃለሁ። አንተ ራስህን ትነቀንቃለህ። ግማሹን እንደማትሰማኝ አውቅ ነበር፤ ነገር ግን እኔ ራሱን ለሚነቀንቅልኝ ሰው ማውራት የማቆም ሴት አይደለሁም።

ከዚያ ለሥራ ጅቡቲ ላኩህ። በዕረፍትህ ቀን ሮብሌ ከሚባል ሱማሌ ባለጀልባ ጋር ዓሣ ልታጠምዱ ወጣችሁና ነፋስ ተነሥቶ ሁለት ቀን ሰው በማይኖርበት ደሴት ላይ በሸራ ሥር አደራችሁ። እኔ እዚህ ስጨነቅ አንተ ፊትህ በፀሐይ ከስሎ፣ ከንፈርህ ተሰነጣጥቆ፣ እየሳቅህ መጣህ። «ወርቅነሽ፣ ጆሮዬ አረፈ» አልከኝ። ከዚያ ወዲህ ጥምቀት ሲያልፍ በየዓመቱ የሦስት ቀን ፈቃድ እየወሰድክ ትሄድ ጀመር። ከአሮጌ የባቡር ሸራ ድንኳን በገዛ እጅህ ሰፋህ። ደሴቲቱ ጠብታ ውሃ ስለሌላት ጀሪካንህን ትሞላለህ፣ ደረቅ ዳቦህን ትቋጥራለህ፣ በመጨረሻም ሁለት የቆርቆሮ ኩባያ ትጨምራለህ።

እነዚያን ኩባያዎች አንድ ቀን ዕቃህን ስፈትሽ አየኋቸው። ብቻውን የሚሄድ ሰው ሁለት ኩባያ ምን ያደርግለታል? እኛ የባቡር ሠራተኛ ሚስቶች ደግሞ በመስመሩ ጫፍ ሌላ ትዳር ያለውን ወንድ አንድ በአንድ እናውቃለን። ያን ሁሉ ዓመት ቻልኩት ብል ማንም አያምነኝም፤ አልቻልኩትም፣ በየጥሩ ስነዘንዝህ ኖርኩ። አሥራ አንድ ጊዜ ሄድክ። ለአሥራ ሁለተኛው ስትዘጋጅ፣ ጥምቀት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሽማግሌ ሰበሰብኩ።

የነፍስ አባታችን፣ ሐጂ ዩሱፍና የእድራችን ዳኛ አቶ ላቀው በዚህችው በረንዳ ተቀመጡ። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ ጅቡቲ ሴት አለችው አልኩ። ኩባያዎቹንም አምጥቼ መሐላቸው አስቀመጥኩ። አንተ ሁለተኛው የሮብሌ ነው አልክ። ማን ይመንህ? ትልቅ ሰው በዓመት አንዴ የሚያገኘውን ዕረፍት ባዶ አሸዋ ላይ ተኝቶ ይጨርሰዋል ቢባል ማን ያምናል? «እንግዲያው አብራኝ ትሂድና ትየው» አልካቸው። እኔም ሰው ሳይሞት ድንኳን ውስጥ አላድርም ብዬ መለስኩ። ሁሉም ሳቁ። አንተ አልሳቅህም፣ አልተቆጣህምም፤ ብቻ ትክ ብለህ አየኸኝ። ከዚያ በቁልቢው ገብርኤል ስም ጅቡቲን ላትረግጥ ማልክ።

እስከዚህ ያለውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የማያውቁት የሚከተለውን ነው፤ አንተም ሳታውቀው ሄድክ።

በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ሮብሌ እዚህ መጥቶ ነበር። አንተ ሥራ ላይ ነህ። ሽርጡን እንዳገለደመ፣ በሰሌን የተጠቀለለ የደረቀ ዓሣ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። «አቦ፣ በቀለ ደህና ነው? ጥር መጣ፣ እሱ አልመጣም» አለኝ። ሰው ልጁ ታሞበት እንደሚጠይቅ ነበር የጠየቀኝ። እኔ ግን ዓይን ዓይኑን እያየሁ ስለ ሴትዮዋ ጠየቅሁት። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ወላሂ ብሎ ሳቀ፤ ፊቴን ሲያይ ሳቁን ተወ። ደሴቲቱ ላይ ከወፍ በቀር የሚተነፍስ እንደሌለ ነገረኝ። ሲያደርስህና ሊመልስህ ሲመጣ አብራችሁ ሻይ ትጠጡ እንደነበር፣ ሁለተኛው ኩባያም የእሱ እንደሆነ ነገረኝ።

አመንኩት በቀለ። እዚያው በሩ ላይ አመንኩት። ደስ ሊለኝ ሲገባ ግን ተናደድኩ። ሴት ብትኖር እጣላታለሁ፣ ፀጉሯን እነጫለሁ፤ ከዝምታ ጋር እንዴት ይጣላሉ? ባሌ ከእኔ ሸሽቶ የሚሄደው ወደ ባዶ ቦታ መሆኑ ከሴት ይልቅ አንገበገበኝ። ጆሮህ የሚያርፈው ከመዶሻው ብቻ ነበር ወይስ ከእኔም ምላስ? አሁንም እሱን ሳስብ ፊቴን የማደርግበት አጣለሁ። በዚያ ላይ ሦስቱን ሽማግሌዎች መልሼ ጠርቼ ተሳስቻለሁ ማለት ሞት መሰለኝ።

ስለዚህ ዋሸሁት። በቀለ ባሕሩን ጠልቶታል፣ ሁለተኛ አትምጣበት አልኩት። ዓሣውን መሬት አስቀመጠና አንተን የሚመለከት መልእክት ነግሮኝ ወደ ባቡር ጣቢያው ተመለሰ። መልእክቱን መጨረሻ ላይ እጽፍልሃለሁ፤ አሁን እጄ አልደፈረም።

ዓሣውን ወስጄ ደቻቱ አሸዋ ላይ ጣልኩት፣ ውሾች ተራኮቱበት። ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ቆም ብለህ ባሕር ባሕር ይሸተኛል አልክ። ጆሮህ ቢደክምም አፍንጫህ አልደከመም ነበር። ከጎረቤት ነው አልኩህ።

ከሁሉ የሚብሰኝ ግን አንድ እሑድ ነው። ኒሟ ሥር ተቀምጠህ፣ ሰው ሳይጠይቅህ፣ «ሮብሌ እንኳ እንዲህ ይረሳኛል ብዬ አላሰብኩም» አልክ። እኔ ምስር እየለቀምኩ ነበር። ድፍን ድሬዳዋ የሚያውቀው አፌ ያን ቀን አንድ ቃል አልወጣውም። አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ሽማግሌዎቹ መሐላህን ይፈቱልህ ነበር፤ በሚቀጥለው ጥር ደግሞ ትሄድ ነበር። ምስሩን ለቅሜ ጨርሼ ንጹሑን እንደገና መልቀም ጀመርኩ።

ድንኳንህን በየጥሩ ግቢ ውስጥ ዘርግተህ ታናፍሰውና መልሰህ ታጥፈው ነበር። በኋላ ጎረቤት ሞቶ የእድሩ ድንኳን ለለቀስተኛው ሲጠብ ይኼም ይጨመር ብለህ ሰጠህ። ከዚያ ወዲህ ከለቅሶ ለቅሶ ሲዞር ኖረ። ሦስት ዓመት ተኩል እንዲህ ከኖርክ በኋላ ትኩሳቱ በአራት ቀን ይዞህ ሄደና ላንተም ተተከለ። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ እኔ ከስፌቱ የሚረግፈውን አሸዋ አያለሁ። የደቻቱ አሸዋ አይደለም፣ ነጭ ነው። እየለቀምኩ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። ሐዘን አነሆለላት ብለው እጄን ያዙኝ።

ከአርባህ በኋላ ሽማግሌዎቹን ጠርቼ ሁሉንም ተናገርኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የነፍስ አባታችን ንስሐ ሰጡኝ። ሐጂ ዩሱፍ እኛም አብረን ፈርደንበታል አሉ። ቀጥለውም፣ «ለእኛ ነገርሽን፣ ደግ አደረግሽ። ባሕሩ ዳር ያለውስ ሰውዬ?» አሉኝ።

ጥር ሲገባ አቶ ላቀው ዘንድ ሄጄ ድንኳኑን እንዲመልሱልኝ ጠየቅሁ። ደንግጠው ተነሡና ማን ሞቶ ነው አሉኝ። ማንም አልኳቸው። ግራ ገብቷቸው ሰጡኝ።

ከአልማዝ ጋር የይለፍ ወረቀት አውጥተን ጅቡቲ ወረድን። ሮብሌን የትና መቼ እንደማገኘው አውቅ ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል። ከሩቅ ያወቀው እኔን አልነበረም፣ ተሸካሚው ትከሻ ላይ ያለውን ድንኳንህን ነው። ፊቱ በራ፣ አንገቱን አስግጎ ከድንኳኑ ኋላ አንተን ፈለገ። ያን ያየሁበትን ደቂቃ ለጠላቴም አልመኝም። ሁሉንም ነገርኩት። ባሕሩን ጠልቷል የተባለውን አምኖ፣ ምን አስቀይሜው ይሆን እያለ ሲያስብ ኖሯል። አልሰደበኝም። ድንኳኑን ተቀብሎ ጀልባው ውስጥ አኖረው።

ደሴትህን አየኋት። ለካስ ይህን ያህል ትንሽ ናት። አጭር ቁጥቋጦ፣ የሚያቃጥል አሸዋ፣ እሳት የምታነድባቸው ሦስት ድንጋዮች ጥላሸት እንደለበሱ ተቀምጠዋል። ካስማውን ሮብሌ መትቶልን ሄደ። እኔና አልማዝ ሰው ሳይሞት ድንኳን ውስጥ ገባን። በማግስቱ አንተ የሰማኸውን ልስማ ብዬ ከጠዋት ጀምሮ ዝም አልኩ፤ እስከ ቀትር ቻልኩ። ጆሮዬ ውስጥ ምንም አልነበረም፣ በቀለ። ገባኝ። ቀትር ላይ ግን አልሆነልኝም፣ የቤቱን ወሬ አንድ ሳላስቀር ላንተ ማውራት ጀመርኩ። ራሱን የሚነቀንቅልኝ አልነበረም።

ሮብሌ ሊመልሰን ሲመጣ ሻይ አፍልቼ ኩባያዎቹን አወጣሁ። ጎኑ የተጨረመተውን አንሥቶ ይኼ የእኔ ነው አለ። ያንተን ሞልቶ ለእኔ ሰጠኝ። ልመልሰው አሰብኩና አፈርኩ፤ ጠጣሁት።

የምገባልህ ቃል ይህ ነው። ጉልበቴ እስከቻለ በየጥሩ ድንኳንህን ከእድሩ እወስዳለሁ፣ ማን ሞተ ሲሉኝም ማንም እላለሁ። ስምህ በተነሣበት ሁሉ የዋሸችው እኔ መሆኔን እናገራለሁ። ነጩ አሸዋ አሁንም በነጠላዬ ጫፍ ነው፣ አልፈታሁትም።

እንግዲህ የሮብሌን መልእክት፣ እሱ እንደተናገረው፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ ላድርስልህ።

«አቦ፣ ለበቀለ ንገሪው። ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ጀልባዋን ለማንም አልሰጥም። መጣም አልመጣ ውሃው ዳር ቆሜ እጠብቀዋለሁ።»

ይኸው ነገርኩህ። ሦስት ጥር ቆሞ ጠብቆሃል፣ በቀለ። አልረሳህም ነበር።

ባለቤትህ ወርቅነሽ