በሁለት መዝጊያ መካከል ስላከበርነው በዓል

ይድረስ ለክቡር የቦይና የመዝጊያዎች ሹም፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ክረምቱስ እንዴት አለፈልዎ? እኔ ከቁስቋም ደብር ግርጌ የምኖረው እንኳየሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ ጉንፋን ብቻ ይዞኛል፤ እሱንም ያገኘሁት በመሥሪያ ቤትዎ መስተንግዶ ነውና በምስጋና ተቀብየዋለሁ። ደብዳቤዬን ሳላሽግ በግልጽ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ የተዘጋ ነገር በእርስዎ እጅ ከገባ ቶሎ እንደማይከፈት በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ይህን የሚያነብ የጎንደር ሰው ሁሉ ቦይዎን አያውቀውምና ላስረዳ። ቦዩ ከሐይቁ ከፍ ስለሚል፣ መንገደኛ የሚሳፈርባት ቀጭኗ ጀልባ ወደ ሐይቁ የምትወርደው ላይና ታች መዝጊያ ባለው የድንጋይ ክፍል ውስጥ ነው። ትገባለች፣ የላይኛው ይዘጋባታል፣ ውሃው ሲጎድል እሷም አብራው ትወርዳለች፣ ከሐይቁ ጋር ስትተካከል የታችኛው ይከፈትላትና ትወጣለች። ሸጋ ብልሃት ነው፤ የታችኛው የተከፈተ እንደሆነ።

የመንገዴም ነገር እንዲህ ነው። አብራኝ ያደገችው አምሳል በሐይቁ ደሴት ተድራ፣ ስንት ዘመን ስለት ስትሳል ኖራ፣ በዚህ ክረምት ሴት ልጅ ወለደች። እኔ እንኳ አልወለድኩም። የመጀመሪያ ልጇን ክርስትና የማነሣው እኔ እንድሆን ገና ባለ ቁንጮ ልጆች ሳለን ተባብለን ነበር። የሕፃኗ ሰማንያ ቀን የሚሞላው ጥቅምት ሃያ አንድ፣ በማርያም ዕለት ነበርና በዋዜማው ተሳፈርኩ። ዝናቡ አባርቶ፣ ደንገሉ ቢጫ ለብሶ፣ አየሩ ሲያምር! እስከ መዝጊያዎ ድረስ ቅሬታ አልነበረኝም።

አንደኛ፣ በበዓል ቀን መዝጊያ እንዳይከፈት ስላዘዙት ትእዛዝ። ጀልባችን ገባች፣ የላይኛው ተዘጋ፣ ውሃው ጎደለ፤ እንደ ጉድጓድ በጠለቀውና ሽበት ባበቀለው ድንጋይ መካከል ቁልቁል ወረድን። የታችኛው ሊከፈት ሲል ፀሐይ ጠለቀች፤ የመዝጊያው ጠባቂ አያ በላቸውም ቆቡን አውልቆ «በዓሉ ገብቷል» አለና የመዝጊያ መክፈቻውን መዘውር ለቀቀ። ዕለት ከማታ እንደሚጀምር እኛም የቄስ ጎረቤቶች ነንና እናውቃለን። እኔ ግን አንገቴን ቀና አድርጌ «ምነው አያ በላቸው፣ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ትቶ ምን ማክበር ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እሜቴ፣ ትእዛዝ ነው፤ እናንተም እዚያው ሆናችሁ አክብሩ» ብሎ መለሰልኝ። አከበርናት። የምንተኛበት እንኳ ስላልነበረን ሌሊቱን በሙሉ ቆመን ነው ያከበርናት፤ ከቤቴ ብሆን ይህን ያህል አልበረታም ነበርና ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሁለተኛ፣ አብሮን የተሳፈረው የአቡጀዲ ነጋዴ ሷሊሕ ነገር ነው። ሷሊሕ ሁኔታውን ሰምቶ «አያ በላቸው፣ በዓሉ የእናንተ ነው፤ ገመድ ጣልልኝና ወጥቼ መዘውሩን እኔ ላዙረው፤ ኃጢአቱም አይነካህም» አለው። አያ በላቸው ጭንቅላቱን እያከከ ቢያስብ ቢያስብ «እንዲያውስ ሸጋ ነበር፤ ግን ከመሥሪያ ቤቱ ሰው በቀር መዘውሩን የነካ ይቀጣል ተብሏል» አለና ተወው። ስለዚህ ሷሊሕም፣ እስላሙ ሰውዬ፣ ከጣቃው ቀዶ እኔን አልብሶ፣ ማርያምን ከእኛ ጋር ሲያከብር አደረ። ክቡርነትዎ እንዲህ ያለ ሰባኪ መሆንዎን ጎንደር አላወቀም ነበር።

ሦስተኛ፣ የክቡርነትዎ የራስዎ ጀልባ ነገር ነው። ጎህ ሲቀድ የደሴቲቱ ከበሮ ተሰማን። ከታችኛው መዝጊያ ወዲያ ጥቂት ቀዘፋ ብቻ ነበር የቀረን። ያን ጊዜ ከሐይቁ በኩል የክቡርነትዎ ጀልባ መጣች፤ በዓሉም ወዴት እንደወጣ እንጃ፣ አያ በላቸው ወደ መዘውሩ ሮጠ። የታችኛውን ከፍቶ እኛን ቢያስወጣና እርስዎን ቢያስገባ ሥራው ያው አንድ ነበር። ሆኖም ተራ ጀልባ በሹም ፊት መቅደም ነውር ነው ተብሎ፣ ክፍሉ እንደገና ተሞልቶ፣ የላይኛው ተከፍቶ፣ ወደመጣንበት ተገፋን። ከዚያ ለእርስዎ ውሃው ጎደለ፣ የታችኛው ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ክፍሉ ተሞላ፣ የላይኛው ተከፈተ። በማርያም ቀን መዝጊያ ስንት ጊዜ መከፈት እንደሚችል ስላስተማሩን እግዜር ይስጥልን። ደግሞ በአጠገባችን ሲያልፉ ባርኔጣዎን ብድግ አድርገው «እንኳን አደረሳችሁ» ማለትዎን አልረሳሁም። አልደረስንም፣ ጌታዬ።

ለእኛ መዝጊያው የተከፈተው በዓሉ ማታ ሲያልፍ ነውና፣ እኔ ደሴቲቱን የረገጥኩት ቅዳሴው ከወጣ፣ ሰዉም ከተበተነ በኋላ ነው። አምሳል «ጥቂት ጠብቁልኝ፣ ትመጣለች» እያለች ቄሱን እግራቸው ላይ ወድቃ ለምናቸዋለች። ቄሱ ምን ያድርጉ? ቅዳሴ አይጠብቅም። ዓይኗን ታማ ለጠበል የመጣች አንዲት እንግዳ ሴት ሕፃኗን ተቀብላ አነሣቻት፤ ከዚያም በታንኳ ወደ አገሯ ሄደች። ደግ ሴት ናት ይላሉ። አገሯ የት እንደሆነ ግን የጠየቃት የለም። ክርስትና ሁለት ጊዜ አይነሣም፤ ይህን ለእርስዎ ዓይነቱ በዓል አክባሪ አልነግርም። ለተ ማርያም የተባለችው ሕፃን አድጋ «የክርስትና እናቴ ወዴት ናት?» ብትል፣ አምሳል በጣቷ ሐይቁን ታሳያታለች። ለእኔም ሕፃኗን አሳቀፈችኝ፤ እንደ ማንኛውም እንግዳ ግንባሯን ስሜ መለስኩላት።

ካሣ አልለምንም፤ በእጅዎ የሌለውን ነገር ጠይቄ አላሳፍርዎትም። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ በሄዱበት ሁሉ የፊትዎ በር ይከፈትልዎ፤ መቼም ለምደውታል።

ያሳደሩኝን ውለታ እስከ ዕለተ ሞቴ የማልረሳው፣
እንኳየሁ ተክለ ጊዮርጊስ
ከቁስቋም፣ ጎንደር፤ ጥቅምት ፳፱ ቀን ፲፱፻፵፮ ዓ.ም.

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ አያ በላቸው በማርያም ቀን መዘውር ማዞሩን ለንስሐ አባቱ ተናዝዞ ብዙ ስግደት ታዞበታል። ሽማግሌ ነው፤ ጉልበቱ አይችለውም። መዘውሩ የዞረው ለእርስዎ ነውና እኩሌታውን ቢሰግዱለት ምን ይመስልዎታል? ቦታ ካጡ በሁለቱ መዝጊያ መካከል ያለው ክፍል ጸጥ ያለ ነው፤ የሚረብሽዎ የለም፤ የሚከፍትልዎም የለም።